ጂን ሳራዘንና የአሸዋው ዱላ

የጎልፍ ጨዋታ በሀገራችን እምብዛም የተስፋፋ አይደለም። በአዲስ አበባ በብሪታንያ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ እንዳለው ያለ አነስተኛ ሜዳ ለማየት ዕድል ያገኘ ካልሆነ በቀር፣ አብዛኛው ሰው ስለ ጨዋታው ያለው ዕውቀት በቴሌቪዥን ከተመለከተው አያልፍም። ሆኖም በዱላ ኳስ መምታት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ይህን ጽሑፍ በማዘጋጅበት በቀየትም ሆነ በመላው የመንዝ ደጋ፣ በገና ዕለት ጎረምሳውና ጎልማሳው ሩሯን ተከትሎ ሲራወጥ የሚውልበት ሜዳ ሞልቷል። ሩሯ ከድንጋይ ሥር ወይም ከትልም ውስጥ ተወሽቃበት ዱላውን እንዴት እንደሚሰነዝር ሲጨነቅ የቆየ የገና ተጫዋች ከዚህ በታች የምተርከውን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታዋቂ የፈጠራ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ከእንፋሎት ወይም ከኤሌክትሪክ ሊቃውንት አንዱን እንደምመርጥ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠና ዕድሜ ልኩን በጎልፍ ጨዋታ የኖረ ስፖርተኛ ነው። ይህ ሰው ሥራው በተደጋጋሚ በተበላሸበት ጊዜ ጥፋቱን በገዛ እጁ ላይ ብቻ መፈለጉን ትቶ የያዘውን መሣሪያ መረመረ፤ የችግሩንም መነሻ ከብረቱ ቅርጽ ላይ አገኘው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጎልፍ ተጫዋች ትንሿን ኳስ ከመነሻዋ አንሥቶ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ በታጨደ ግሪን በሚባል ሥፍራ ወደተቆፈረ ጉድጓድ በተቻለው መጠን በጥቂት ምት ማስገባት አለበት። ያሸናፊነት መለኪያው የምቱ ማነስ ነው። በየጉድጓዱ አካባቢ ሆን ተብለው የተሠሩ፣ አሸዋ የተሞሉ ጎድጓዳ ሥፍራዎች ይገኛሉ፤ እነዚህም ባንከር ይባላሉ። ኳሷ እዚያ ውስጥ ከወደቀች ተጫዋቹ ከአሸዋው ላይ መትቶ ሊያወጣት ግድ ነው። ዛሬ በታላላቅ ውድድሮች የሚሳተፉ ተጫዋቾች በግሪን ዳር ካለ ባንከር ውስጥ ሲገቡ፣ በአማካይ ግማሽ ያህሉን ጊዜ በሁለት ምት ብቻ ይጨርሱታል፤ በአንዱ ያወጧታል፣ በሌላው ጉድጓድ ያስገቧታል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ባንከር ማለት ስንት ዓመት የተለፋበት ዋንጫ በአንድ አፍታ የሚቀበርበት ሥፍራ ነበር።

ጂን ሳራዘን የተወለደው በየካቲት ወር 1902 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሃሪሰን በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከኢጣልያ የፈለሱ ሲሆኑ፣ ያወጡለትም ስም ዩጂንዮ ሳራቼኒ ነበር። አባቱ ፌዴሪኮ አናጢ ነበር፤ ልጁም የእሱን ሙያ ወርሶ መጋዝና መዶሻ እንዲይዝ እንጂ ከሀብታሞች ሜዳ እንዲውል አልፈለገም። ኑሮ ግን ልጁን ወደዚያው መራው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ካዲ ከሚባሉት ዱላ ተሸካሚ ልጆች ጋር ተቀላቀለና የባለጸጎችን ኮሮጆ እየተሸከመ የቤተሰቡን ገቢ ይደግፍ ጀመር። በ1913 ፍራንሲስ ዊሜት የተባለ የካዲነት ታሪክ ያለው ወጣት፣ የእንግሊዝን ስመ ጥር ተጫዋቾች ሃሪ ቫርደንንና ቴድ ሬይን ረትቶ የአሜሪካ ኦፕን የተባለውን ውድድር ባሸነፈ ጊዜ፣ እንደ ሳራቼኒ ላሉት የድሃ ልጆች ሁሉ ተዘግቶ የነበረ በር የተከፈተ ያህል ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ልጁ ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያም በሳንባ ምች ታሞ ከሞት አፋፍ ደረሰ። ሲያገግም ሐኪሞች ከአቧራና ከተዘጋ ቤት ርቆ ንጹሕ አየር በሚገኝበት ሥራ ላይ እንዲሰማራ መከሩት። የአናጢነቱ ነገር በዚሁ አከተመ። በዚያው ከተማ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሲጫወት ኳሷን ከመነሻዋ በአንድ ምት ጉድጓድ ውስጥ ከተታትና ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በጋዜጣ ወጣ። ስሙን ታትሞ ሲያየው ግን አልወደደውም፤ የቫዮሊን ተጫዋች እንጂ የጎልፍ ተጫዋች ስም አልመሰለውም። ስለዚህ ራሱን ጂን ሳራዘን ብሎ ሰየመ።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ገደማ የሆነ አጭር ሰው ነበር። ይሁን እንጂ አመታቱ ፈጣን፣ ልቡም ደፋር በመሆኑ ገና በ20 ዓመቱ፣ በ1922፣ ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው ስኮኪ ሜዳ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን ታዋቂውን ቦቢ ጆንስን በአንድ ምት በልጦ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የሙያው ተጫዋቾች ማኅበር የሚያዘጋጀውን ፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮና ወሰደ። በ1923ም በዚሁ ውድድር በወቅቱ ወደር ያልነበረውን ዋልተር ሄገንን በ38ኛው ጉድጓድ ላይ ረታው። እንግዲህ በ21 ዓመቱ ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎች የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አይኖርም ብሎ መገመት ተገቢ ይመስል ነበር።

ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ታላቅ ዋንጫ ሳያገኝ ቀረ። በ1923 ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በትሩን ለሚደረገው የእንግሊዝ ኦፕን ሲወዳደር፣ በዝናብና በነፋስ መካከል ማጣሪያውን እንኳ ሳያልፍ ተመለሰ። በ1928 በእንግሊዝ አገር ሳንድዊች በሚገኘው ሮያል ሴንት ጆርጅስ ሜዳ ሄገንን ተከትሎ በሁለት ምት ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ።

በዚህ በ1928 ውድድር ላይ የዱላ ተሸካሚው ዳንኤልስ የሚባል በዕድሜ የገፋ እንግሊዛዊ ነበር። ሜዳውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ለሳራዘንም ሄገን ራሱ በወዳጅነት ያዋሰው ሰው ነው። በ14ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ከረጅም ሣር ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ሳራዘን አደጋ የሌለበትን ብረት ይዞ እንዲያወጣት መከረው፤ ወጣቱ ግን አልሰማም። ርቀት ለማግኘት የእንጨት ዱላ አንሥቶ መታ፣ ኳሷ ብዙም ሳትንቀሳቀስ ቀረች፣ ጉድጓዱንም በ7 ምት ጨረሰው። የተሸነፈበት የሁለት ምት ልዩነት ከዚሁ አንድ ጉድጓድ የመነጨ መሆኑን ሳራዘን ዕድሜ ልኩን አልዘነጋውም። ዳንኤልስም ከመሞቱ በፊት አንድ የእንግሊዝ ኦፕን ዋንጫ እንደሚያስገኝለት ቃል ገብቶለት ተለያዩ።

ሳራዘን በእነዚያ ዓመታት ዋንጫ ያራቀበት ምን እንደሆነ ራሱን ሲጠይቅ በተለይ የሚያገኘው መልስ የአሸዋው ምት ነበር። በዚያን ጊዜ ከአሸዋ ለማውጣት የሚያገለግለው ዱላ ኒብሊክ ይባል ነበር፤ ፊቱ ወደ ኋላ የተንጋለለ፣ ሶሉ ቀጭን፣ የፊት ጠርዙም ስለታም የሆነ ብረት ነው። ይህ ቅርጽ በጠንካራ መሬትና በሣር ላይ ደህና ይሠራል። አሸዋ ውስጥ ሲገባ ግን ጠርዙ ወደ ታች እየቆፈረ ይሄድና ብረቱ ተቀብሮ ይቀራል፤ ኳሷም ከነበረችበት አትነሣም። ይህን ለመሸሽ ተጫዋቹ አሸዋውን ሳይነካ ኳሷን ብቻ ለቅሞ ለመምታት ቢሞክር፣ በጣም ጥቂት ስሕተት ኳሷን ከግሪኑ አሻግሮ ወደ ማዶ ይሰዳታል። የምርጫው ሁለቱም ጫፍ ገደል ነበር።

በሞፈርና በቀንበር ሲታረስ ያየ የደጋ ሰው የኒብሊክን ጠባይ ወዲያው ይገነዘበዋል። ማረሻው ወደ መሬት የሚሰነዘርበት አቅጣጫ ቀጥ ካለ ሰርጎ ይገባና በሬዎቹን ያቆማቸዋል፤ ጋደም ካለ ደግሞ ላዩን እየፋቀ ያልፋል። ጎበዝ አራሽ በእርፉ አያያዝ ብቻ ይህን ማእዘን በየእርምጃው ያስተካክላል። የግሬደር ሾፌርም ከምላጩ ማእዘን ጋር የሚታገለው ትግል ከዚህ አይለይም። የጎልፍ ተጫዋች ግን ዱላውን ከሰነዘረ በኋላ የሚያስተካክልበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ማስተካከያው አስቀድሞ በብረቱ ቅርጽ ውስጥ መኖር ነበረበት።

ችግሩን ለማቃለል የሞከረ ሌላ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆዱ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ፣ ሶሉ የወፈረ ከባድ ብረት ተሠርቶ ነበር። ቦቢ ጆንስም በ1930 በሆይሌክ የእንግሊዝ ኦፕንን ሲያሸንፍ በአንድ አስጨናቂ ሰዓት በዚህ ዓይነት ብረት ኳሷን ከባንከር አውጥቷል። ነገር ግን የጎደጎደው ፊት በአንድ ምት ኳሷን ሁለት ጊዜ ሊነካት ይችላል በሚል ክርክር በ1931 ከውድድር ታገደ። አስተያየቴን ለመጨመር ያህል፣ የዚያ ብረት ሠሪዎች ወደ እውነቱ ተጠግተው ነበር፤ ዋናው ምሥጢር ከሶሉ ላይ ሳለ እነሱ ግን ፊቱን አጎደጎዱት።

ሳራዘን መፍትሔውን ያገኘበት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። በዚያን ዘመን ባለጸጋውና የአውሮፕላን ወዳጁ ሃዋርድ ሂውዝ የጎልፍ ጓደኛው ነበር፤ ሳራዘንም በረራ ይማር ነበር። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስበው የአውሮፕላኑ ጭራ ወደ ታች ዝቅ ይላል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሣል። ሳራዘን ይህን ሲመለከት አሳቡ ወደ ኒብሊኩ ሄደ። የብረቱ የኋላ ክፍል ከፊተኛው ዝቅ ብሎ አሸዋውን ቢመታ፣ አሸዋው በምላሹ ብረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የፊት ጠርዙም መቆፈሩን ትቶ ይንሸራተታል ማለት ነው።

ኒው ፖርት ሪቺ በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ይኖር ነበርና እዚያው ሥራውን ጀመረ። የመሣሪያ ፋብሪካው ዊልሰን ኒብሊኮች እንዲልክለት አደረገ። በየብረቱ ሶል ላይ ከኋላ በኩል እርሳስ በብየዳ እየደረበ፣ ውጤቱን በአሸዋ ላይ እየሞከረ፣ ሲበዛ በሞረድ እየሞረደ፣ ሲያንስ እየጨመረ ሰነበተ። ማእዘኑ ሲያንስ ብረቱ እንደ ድሮው ይቆፍራል፤ ሲበዛ ደግሞ ከአሸዋው ላይ ነጥሮ የኳሷን ወገብ ይመታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያመለክት ሠንጠረዥ ወይም ቀመር በእጁ አልነበረም። ያለው አሸዋ፣ እርሳስ፣ ሞረድና ትዕግሥት ነበር፤ በቀን ብዙ ሰዓት እየመታ በሺህ የሚቆጠር ኳስ ካወጣ በኋላ የሚፈልገውን ቅርጽ አገኘ። ያ ቅርጽ ዛሬ ሳንድ ዌጅ፣ ማለትም የአሸዋ ሽብልቅ፣ በሚባለው ዱላ ላይ እንዳለ ይታያል። በጊዜያችን የሚሠሩት ሳንድ ዌጆች ፊታቸው 56 ዲግሪ ገደማ የተንጋለለ ሲሆን፣ ሶላቸው ከመሬት ጋር የሚፈጥረው ማእዘን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይደርሳል።

መሣሪያው ሲለወጥ አመታቱም ሊለወጥ ግድ ሆነ። በአዲሱ ዱላ ተጫዋቹ ኳሷን አይመታትም፤ ከኳሷ በስተኋላ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ አሸዋውን ይመታል። ብረቱ ከኳሷ ሥር ሾልኮ ሲያልፍ በመካከል ያለው ስስ የአሸዋ ንብርብር ኳሷን ተሸክሞ ያወጣታል። አሸዋው አብዛኛውን ጉልበት ስለሚበላው፣ አሥር ሜትር ለማትሞላ ርቀት እንኳ ከሣር ላይ ከሚያስፈልገው እጅግ የሰፋ ምት መሰንዘር ያስፈልጋል። ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በዚህ ላይ ነው፤ ኳሷ ትርቅብኛለች ብለው ይሠጉና ዱላው አሸዋው ውስጥ ሳለ እጃቸውን ይገታሉ፣ ኳሷም እዚያው ትቀራለች። ምቱን የጀመረ ሰው እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለበት። ከመሰንዘሩም በፊት የዱላው ፊት ወደ ሰማይ ገልበጥ ቢደረግ የሶሉ የኋላ ጠርዝ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል መንሸራተቱ ይጨምራል። ይህ ለለስላሳና ለደረቅ አሸዋ የሚስማማ ነው። አሸዋው እርጥብና የጠጠረ ከሆነ ግን ያው ማእዘን ጠላት ይሆናል፤ ብረቱ ይነጥራል። በዚያን ጊዜ ፊቱን ቀና ማድረግ ወይም የሶሉ ማእዘን ያነሰ ዱላ መምረጥ ይገባል። በሕጉ መሠረት ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ዱላውን ከኳሷ አጠገብ በአሸዋው ላይ ሊያሳርፍ አይፈቀድለትም፤ በ2019 ሕጎቹ በብዙ ነገር ሲላሉ ይህ ክልከላ እንዳለ ቀርቷል። ስለዚህ የአሸዋውን ጠባይ የሚያውቀው ቆሞ በእግሩ ሲረግጠው ብቻ ነው። የአፈር ምርመራ ክፍል ባልደረቦቻችን በዚህ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

በ1932 የእንግሊዝ ኦፕን በሳንድዊች፣ በፕሪንስስ ሜዳ ላይ ሆነ። ሳራዘን አዲሱን ዱላ ይዞ ሲሄድ አንድ ሥጋት ነበረበት። የጎደጎደው ብረት ከታገደ አንድ ዓመት ብቻ ሆኖታል፤ የሕጉ ባለሥልጣናት የእሱንም ውድድሩ ሳይጀመር አይተው ቢከለክሉት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው። ስለዚህ በልምምዱ ሰሞን ዱላውን ኮሮጆው ውስጥ ገልብጦ ይከት፣ ማታም ከኮቱ ሥር ደብቆ ወደ ሆቴሉ ይወስደው እንደነበር ኋላ ተርኳል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ግን የከለከለው የለም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሕጉን የሚጥስ ነገር አልነበረበትም።

በዚያው ሜዳ ዳንኤልስ ይጠብቀው ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሽማግሌው ደክሟል፣ ዓይኑም ፈዟል። ሳራዘን ርቀት መለየት ላይችል ይችላል ብሎ ስለ ሠጋ በእሱ ፈንታ ወጣት ካዲ ቀጠረ። ከወጣቱ ጋር ግን ስለ ዱላ ምርጫ በየጉድጓዱ እየተነታረከ ልምምዱ ሁሉ ተበላሸበት። በመጨረሻ ዳንኤልስን አስጠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተቃና። ሳራዘን አራቱን ዙር በ283 ምት ፈጽሞ ተከታዩን ማክዶናልድ ስሚዝን በአምስት ምት በለጠው፤ ይህም በዚያን ጊዜ በውድድሩ ታሪክ ዝቅተኛው ድምር ነበር። ሽማግሌው የገባውን ቃል ፈጸመ። ሳራዘን ካፖርቱን አውልቆ ሰጠው። ዳንኤልስም ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈ።

ከድሉ በኋላ ሳንድ ዌጁን መደበቅ ቀረ። ሳራዘን ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ወዲያውኑ ፍሬሽ ሜዶ በሚባለው ሜዳ በአሜሪካ ኦፕን ተወዳደረ። በመጀመሪያው ግማሽ ተጠንቅቆ ሲጫወት ወደ ኋላ ቀረ፤ ኋላ ግን ጥንቃቄውን ጣለና የመጨረሻዎቹን 28 ጉድጓዶች በ100 ምት ጨርሶ፣ የማጠቃለያውን ዙር በ66 ምት ፈጽሞ አሸነፈ። በእኔ ግምት እንዲህ ያለውን ድፍረት የሰጠው ከአሸዋው ፍርሃት መላቀቁ ነው። ባንከር የማያስፈራው ሰው ባንዲራው ከባንከር ጀርባ ቢቆምም በቀጥታ ወደ እሱ ይመታል፤ የሚፈራው ግን ዞሮ በመሄድ በየጉድጓዱ ምት ያባክናል። በ1933 ደግሞ ፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮናን ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደ። ዊልሰንም ዱላውን በገበያ ላይ አዋለው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለ ሳንድ ዌጅ የሚወዳደር የሙያ ሰው ጠፋ።

ብዙ ሰው ሳራዘንን የሚያስታውሰው በ1935 በኦገስታ በተደረገው፣ ኋላ ማስተርስ ተብሎ በታወቀው ውድድር ነው። ክሬግ ዉድ የተባለ ተጫዋች ጨዋታውን ጨርሶ በሦስት ምት እየመራ ነበር። ሳራዘን በ15ኛው ጉድጓድ ላይ ከ215 ሜትር ርቀት በቁጥር 4 የእንጨት ዱላ የመታት ኳስ ከሐይቁ ማዶ አርፋ ተንከባልላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። በአምስት ምት የሚጠበቀውን በሁለት ፈጸመው፤ ሦስቱም ምት በአንዴ ተመለሰ። በማግሥቱ በተደረገው 36 ጉድጓድ ማለያ ዉድን በአምስት ምት ረታው። በዚህም አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች በሙሉ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ ወዲህ ይህን የፈጸሙት ሆገን፣ ፕሌየር፣ ኒክላውስ፣ ዉድስና በ2025 ማክልሮይ ብቻ ናቸው። ያቺ የ1935 ምት ግን፣ ድንቅነቷ ባይካድም፣ ዳግመኛ የማትገኝ ዕድል ነበረች፤ ሳንድ ዌጁ በአንጻሩ በየቀኑ በየሜዳው ይሠራል።

ሳራዘን ከ1924 ጀምሮ ከሚስቱ ከሜሪ ጋር እስክትሞት ድረስ በትዳር ኖረ። የእርሻ መሬት ገዝቶ ከብት እያረባና ተክል እያለማ ስለኖረ ወዳጆቹ ባላባቱ የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል አወጡለት። በ1960ዎቹም ከሀገር ሀገር እየዞረ የሚቀረጽ የጎልፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት በማቅረብ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ታወቀ።

በ1973፣ በ71 ዓመቱ፣ ማጣሪያውን ሳያልፍ ከቀረ ልክ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በእንግዳነት ተጋብዞ ወደ ትሩን ሄደ። የዚያ ሜዳ 8ኛ ጉድጓድ ርቀቱ 115 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ግሪኑ እጅግ ጠባብ፣ ዙሪያውም በጥልቅ ባንከሮች የታጠረ በመሆኑ የፖስታ ቴምብር ይሉታል። በመጀመሪያው ቀን ሳራዘን በቁጥር 5 ብረት መታ፤ ኳሷ በአንድ ምት ጉድጓድ ገባች። በማግሥቱ በዚያው ሥፍራ ሲመታ ግን ኳሷ ባንከር ውስጥ ወደቀች። ሽማግሌው ወደ ባንከሩ ወርዶ፣ እግሩን አሸዋው ውስጥ አደላድሎ፣ የአሸዋ ብረቱን ሰነዘረ። ኳሷ ከአሸዋው ጋር ተነሥታ ግሪኑ ላይ አረፈችና ተንከባልላ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ያንን ጉድጓድ በሦስት ምት ብቻ ጨረሰው፤ በግሪን ላይ ኳስ ለማንከባለል የሚያገለግለውንም ዱላ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም።

ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ የማስተርስን ውድድር በክብር የመክፈቻ ምት የሚያስጀምር ሰው ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ የመታው በሚያዝያ 1999 ነው። ግንቦት 13 ቀን 1999 በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ኔፕልስ በምትባል ከተማ በ97 ዓመቱ ዐረፈ።